የግራ እጅ ቡራኬ

ዳንግላ ውስጥ፣ ከእህል ተራው በስተጀርባ፣ አንዲት በር ብቻ ያላት ሱቅ አለችኝ። ሥዕልና ፎቶግራፍ በመስታወት እከፍፋለሁ፤ ማኅተምም እቀርጻለሁ። ሁለቱንም ያስተማረኝ የለም። ክፈፍ መሥራት የተማርኩት አንድ የተሰበረ ክፈፍ ገዝቼ፣ ፈታትቼ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው። ማኅተም መቅረጽን ደግሞ በማበላሸት ተማርኩት። የመጀመሪያውን ለአንድ ጠጅ ቤት ባለቤት ስሠራ ፊደሎቹን ልክ እንደማነባቸው አድርጌ ቀረጽኳቸው። ቀለም አስነክተን ወረቀት ላይ ስንጫነው የሰውዬው ስም ተገልብጦ ወጣ። እሱም ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ ካዞረው በኋላ፣ «አንለይ፣ ደንበኞቼ መስታወት ይዘው ይምጡ?» አለኝ። በዙሪያው የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ፊደሉን በስስ ወረቀት ጽፌ፣ ወረቀቱን ሳልገለብጥ መቅረጫ አላነሳም።

ብዙ አልናገርም። ሥራ ላይ ግን ነገረኛ ነኝ። የማዕዘኑ መጋጠሚያ የጥፍር ጫፍ የምታስገባ ክፍተት ካላት አፍርሼ እንደገና እሠራዋለሁ። ከእጄ በወጣው ክፈፍ ሁሉ ጀርባ ላይ «አንለይ፣ ዳንግላ» የምትል ትንሽ ማኅተም አትም ነበር። በዚህች ማኅተም በጣም እኮራባት ነበር። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ስለምመለስበት ነው።

ክረምቱ አልቆ መስኩ በአደይ አበባ የተሸፈነበት ወቅት ነበር። በገበያ ቀን አንዲት ሴትዮ ከአንድ ረጅም ወጣት ጋር ወደ ሱቄ ገቡ። ሴትዮዋ በነጠላቸው የሸፈኑት ነገር በእጃቸው ነበር።

«ሥዕል በመስታወት የምታገባው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ወደ ወጣቱ ዞረው በአውኝኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ወጣቱ ሳቀ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ጢም ያላወጣ ሰው መስታወት ይሰብራል አሉ።»

ሴትዮዋ እማማ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ከእንጅባራ አልፎ፣ ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለ መንደር ነው የመጡት። ወጣቱ አንድ ልጃቸው አለልኝ ነው። ከነጠላው ሥር ያወጡት ጢስ ያጠቆረው፣ አፉ በጨርቅ የተወተፈ የቀርቀሃ ቁራጭ ነበር። ጨርቁን ነቅለው ከውስጡ አንድ ወረቀት ሳቡና ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉልኝ።

ከተቀረጸ መዳብ ላይ የታተመ ሥዕል ነበር፤ ቀለም የለውም፤ ጥቁር መስመር ብቻ። ከአንዲት ከተማ በር ብዙ ሕዝብ ይወጣል። አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመዋል። ቃሬዛው ላይ አንድ ወጣት ከመግነዙ ተነስቶ ተቀምጧል። ከፊት ለፊቱ ጌታችን እጁን አንስቶ ይባርካል። ከእግሩ ሥር አንዲት ሴት ተንበርክካለች።

«የናይን መበለት ናት» አሉ እማማ ጥሩወርቅ ጣታቸውን ሴቲቱ ላይ ሳያሳርፉ እየጠቆሙ። «አንድ ልጇ ሞቶ ሲወስዱት ጌታ በመንገድ አግኝቶ አስነሳላት።»

ሟቹ ባላቸው ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ቆዳና ማር ጭነው መተማ ሲወርዱ አንድ ግሪክ ይህን ሥዕል ለቆዳው ምራቂ ብሎ ሰጣቸው። ባላቸው ካለፉ በኋላ ሥዕሉ በቀርቀሃው ውስጥ፣ ከቤቱ ጣሪያ ሥር ተሰክቶ ኖረ። በክረምቱ አለልኝን ተስቦ ጣለው። ሰውነቱ እሳት ሆኖ፣ እናቱን መለየት ባቃተው ጊዜ፣ እማማ ጥሩወርቅ ቀርቀሃውን አውርደው ሥዕሉን በደረቱ ላይ ዘረጉት።

«ሚካኤል፣ ልጄን አንሳልኝና ይህን ሥዕል በዓመት በዓልህ፣ በኅዳር፣ መስታወት አልብሼ ቤትህ አገባዋለሁ ብዬ ተሳልኩ» አሉኝ። «ሲነጋ ውኃ ጠየቀኝ።»

«ጠላ ነው የጠየቅኩት» አለ አለልኝ። «ውኃ ሰጡኝ እንጂ።»

«ዝም በል! ስለት እየነገርኩ ነው።»

ስለቱ የሚገባው በኅዳር ሚካኤል ነው። ሥራውን ጨርሼ በዋዜማው ራሴ ላመጣላቸው ተስማማን። መስታወት በሰው እጅ ልኬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን እንዴት ልንገራችሁ? ሌላ ሥራ ትቼ እያጎላ በሚያሳይ መነጽር ያንን ወረቀት ማየት ጀመርኩ። ቅርብ ሆኜ ስመለከተው ሰው የለም፤ ልብስ የለም፤ ሰማይም የለም። ያለው መስመር ብቻ ነው። መስመሩ እንደ ጸጉር ቀጥኖ ይጀምርና በጥላው ቦታ እየወፈረ ሄዶ መልሶ ይቀጥናል። ሌላ መስመር በላዩ ያልፋል፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል ደግሞ ነጥብ አለች። መነጽሩን አንስቼ ራቅ ስል ያው መስመር የመበለቲቱ ጉንጭ ይሆናል። ጉንጯ ላይ አንዲት እንባ አለች። እንባዋ በቀለም አልተሠራችም፤ መስመሮቹ እዚያ ሲደርሱ ቆመው ነው ወረቀቱ ራሱ እንባ የሆነው። ብረት በመዳብ ላይ እየገፋ፣ የት ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው እንዴት ያለ እጅ ቢኖረው ነው እያልኩ ሌላ ሥራ ሳልሠራ መሸብኝ። እኔ የቀረጽኳቸውን ማኅተሞች አየሁና ወደ መሳቢያው ከተትኳቸው።

በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ አንድ ህንዳዊ ነበሩ፤ ሚስተር ቶማስ እንላቸዋለን። የመስኮታቸውን መስታወት ሊያስቆርጡ ሲመጡ ሥዕሉን አዩትና ቆመው ቀሩ። እሳቸውም ክርስቲያን ናቸው፤ በአገራቸውም የጥንት ቤተ ክርስቲያን አለ። ከሥዕሉ ግርጌ ያለውን የላቲን ፊደል ጎንበስ ብለው አነበቡት።

«አምስተርዳም» አሉ። «ሆላንድ። በጣም አሮጌ ነው፣ አንለይ። ሆላንዶች ወደ እኔም አገር መጥተዋል። ቁንዶ በርበሬ ፈልገው። በአንድ እጅ መድፍ፣ በአንድ እጅ መጽሐፍ ቅዱስ።»

«ሥዕሉን የሠሩት ለቤተ ክርስቲያን ነው?»

«አይ። ያን ጊዜ ብዙዎቹ ሆላንዶች ከቤተ ክርስቲያናቸው ሥዕል አውጥተዋል። ግድግዳውን በኖራ ነጭ አድርገውታል። ሥዕል ግን ሰው ይወዳል፣ ምን ያድርግ? ወደ ሱቅ ሄደ። ይህ የሱቅ ዕቃ ነው። አንዱን መዳብ ቀርጸው ብዙ ወረቀት ያትማሉ፤ ሰው ገዝቶ ቤቱ ይሰቅላል።» ወረቀቱን ቀስ ብለው ገለበጡት። «አየህ፣ ጀርባው ባዶ ነው። ከመጽሐፍ የተቀደደ አይደለም። ለብቻው የተሸጠ ነው።»

«የማን ስም ነው የተጻፈው? የሠዓሊው?»

እንደገና ጎንበስ አሉ። የስሙን ግማሽ ጢስ በልቶታል። «ጥሩ ሥራ ላይ ሦስት ስም ይኖራል። የሳለው፣ የቀረጸው፣ ለገበያ ያወጣው። እዚህ የመጨረሻው ብቻ ነው ያለው። የሻጩ።»

ይህ ነገር ከነከነኝ። ያንን እንባ የቀረጸው ሰው ስም የለውም፤ ሻጩ ግን ከጌታ እግር ሥር ስሙን አስፍሯል። ሚስተር ቶማስ ፊቴን አይተው ሳቁ። «አንተስ በክፈፉ ጀርባ ላይ ስምህን አትመታም?» አሉኝ።

ክፈፉን ከዋንዛ እንጨት ሠራሁት። በጀርባው ስስ ጣውላ አደረግሁ። ማኅተሜን ግን ላሳርፍ ስል፣ ሥዕሉ የሚሰቀልበትን ቦታ አይቼ አትመዋለሁ ብዬ ማኅተሟን ኪሴ ከተትኩ።

በዋዜማው ጠዋት ክፈፉን በጭድና በጆንያ ጠቅልዬ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ፣ ከጨው ጆንያዎቹ መካከል ተሳፈርኩ። በልኩ የቆረጥኩት ትርፍ መስታወትም አብሮኝ ነበር። በዚያ መንገድ መስታወት ይዞ ትርፍ አለመያዝ ፈጣሪን መፈታተን ነው። ዘንገና ስንደርስ አለልኝ ፈረስ ይዞ ጠበቀኝ። ፈረሱን አይቼ እግሬ ከበደኝ።

«በእግሬ ልሂድ» አልኩት።

«አንተ በእግርህ፣ ሥዕሉስ?»

«ሥዕሉም በእኔ እግር።»

መንገዱን ሙሉ እየሳቀብኝ ፈረሱን ስቦ አብሮኝ ተራመደ። ከቀኛችን ሐይቁ ታች ጠቁሮ ተኝቷል። እሱ ስለ ፈረሱ ሲያወራ እኔ መሬት መሬት እያየሁ ድንጋይ እመርጥ ነበር።

እማማ ጥሩወርቅ ነጭ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ቆመዋል። ስለት የሚቀበሉት ቄሰ ገበዝ አድማሱ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቁ፣ በወጣትነታቸው ለሠዓሊዎች ቀለም ሲበጠብጡ ያደጉ አዛውንት ናቸው። ጆንያውን ፈትቼ ክፈፉን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ።

ቄሰ ገበዙ ከፊቴ ቆሙ። እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ከላይ ጀምረው ማየት ያዙ። በመጀመሪያ ያዩት ዓይን ነው። የእኛ ሠዓሊዎች ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥኡን በአንድ ዓይኑ እንደሚስሉ ታውቃላችሁ።

«ጌታ ሁለት ዓይኑ ይታያል» አሉ። «ደግ። መበለቲቱም ሁለት። ደግ። ይህ ምንድን ነው? ውሻ?»

በእርግጥ ከግርጌው ጥግ አንድ ውሻ ነበር።

«ውሻ ነው፣ አባቴ» አልኩ።

«ቀብር ሲወጣ የማይከተል ውሻ የለም» አሉ እማማ ጥሩወርቅ ቶሎ ብለው።

«እሱስ ልክ ነው። ከከተማ ውጭ ነው፣ ደጀ ሰላም አልገባም።» ፈገግ አሉ። «ይህን የሠራው ሰው ተመስጦ ነው የሠራው። እንባዋን አያችሁ? እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ እንባ...» ፈገግታቸው ጠፋ። ወደ ሥዕሉ ቀረቡ፣ የራሳቸውን ቀኝ እጅ አነሱ፣ አወረዱ፤ ግራቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ እጁን አይተኸዋል?»

«የማንን እጅ፣ አባቴ?»

«የጌታን።»

አየሁት። ያን ሁሉ ቀን በመነጽር ጥፍሩን ሳይቀር ያየሁትን እጅ ያን ጊዜ ገና አየሁት። ጌታ ወደ እኛ ዞሮ ነው የቆመው፤ የተነሳው እጅ ደግሞ በእኛ በቀኝ በኩል ነው። የሚባርከው በግራው ነበር።

ከኋላችን የቆመ አንድ ዲያቆን፣ «በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ» ብሎ አጉረመረመ። ቄሰ ገበዙ ዞረው አዩትና ዝም አሰኙት። ለእማማ ጥሩወርቅ የተናገሩት በለዘበ ድምፅ ነበር።

«እህቴ፣ ስለትሽን ንቄ አይደለም። እዚህ የሚመጣው ሕዝብ መጽሐፍ አያነብም፤ የሚያነበው ግድግዳ ነው። ሕፃን ይህን አይቶ በግራው ቢያማትብ የሚጠየቀው ማነው? እኔ ነኝ። ይህን ማስገባት አልችልም።»

«በሌላ ነገር ልተካው?» አለ አለልኝ።

«እናትህ ይህን ብላ ተስላለች፤ ስለት የሚገባው የተሳሉት ራሱ ነው። ምን ልበልህ፣ ልጄ?»

እማማ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫን አደረጉና ወደ ቤታቸው መንገድ ገቡ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታቸው ደረስን። እማማ ጥሩወርቅ ለእኔ እንግድነት የሚገባውን ሁሉ አቀረቡ፤ እሳቸው ግን አልቀመሱም። አለልኝ በተቀመጠበት ባለፉ ቁጥር እጃቸውን ግንባሩ ላይ ያሳርፋሉ።

«አልተኮስኩም፣ እናቴ» ይላቸዋል።

«አውቃለሁ» ይሉታል፤ ደግሞ ይዳስሱታል።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ነገር ትመረምራለህ ይላሉ። በግራ እጅ የተነሳ ልጅ ይቆማል?»

አለልኝ ሊስቅ ሞክሮ ተወው። ያን ጊዜ ነው የያዝነው ነገር የሥዕል ጉዳይ እንዳልሆነ የገባኝ። ሴትዮዋ ልጃቸው ከሞት መንገድ የተመለሰበትን ውል ሊፈጽሙ ሄደው ከበር ተመልሰዋል። ነገ በዓሉ ካለፈ፣ ልጁ ባሳለ ቁጥር፣ በደከመው ቁጥር፣ ያ የግራ እጅ ይመጣባቸዋል። ምናልባት እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ።

ክፈፉን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ። ለመናደድ ፈልጌ ነበር፤ በዚያ ስሙ በሌለ ቀራጭ ላይ። ብርሃኑ ገና ነበርና እንደ ልማዴ ማየት ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ ግን እጅ እጁን ብቻ። ከቃሬዛው የተነሳው ልጅ የሚዘረጋው ግራ እጁን ነው። መበለቲቱ እንባዋን የምትጠርገው በግራዋ ነው። ከበሩ አጠገብ ለአንድ ሽማግሌ ውኃ የምትሰጥ ልጅ አለች፤ የምትሰጠው በግራዋ ነው። የትም አገር ቢሆን የልጅ እናት ይህን ዝም ትላለች?

አለልኝ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ሁሉም ግራኝ ናቸው» አልኩት። «የከተማው ሰው በሙሉ።»

«እንዴት ያለ ከተማ ነው! ፊደሉስ? ፊደሉም የግራኝ ነው?»

«ፊደሉማ ቀጥ ያለ ነው፤ ሚስተር ቶማስ ከግራ ወደ ቀኝ...»

አልጨረስኩትም። የጠጅ ቤቱ ባለቤት ትዝ አለኝ። መስታወት ይዘው ይምጡ ወይ ያለው ሰው።

የመዳብ ሥራ እንደ ማኅተም ነው። ቀራጩ በመዳቡ ላይ በቀኝ ያደረገው በወረቀቱ ላይ በግራ ይወጣል። የመጀመሪያው ባለሙያ፣ ጌታን በቀኙ እንዲባርክ አድርጎ ያሰበው ሰው፣ ይህን አስቀድሞ ገልብጦ ነው የሚቀርጸው። በኋላ ግን ሌላ ሰው የዚያን ባለሙያ የታተመ ወረቀት ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ እንዳየው እንዳየው መዳብ ላይ ከቀዳው፣ ሲታተም ዓለሙ ሁሉ ይዞራል። ፊደል ቢገለበጥ ገዢ ይስቅበታል፤ ስለዚህ የሻጩን ስም ተጠንቅቆ አቅንቶታል። እጁን ግን ወይ ረሳው ወይ ጊዜ አጣ። የሳለው ሰው ስም ያልተጻፈው ለዚህ ነው፤ የሌላ ሰው ሥራ ነበርና። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ፣ አለቃው እየተቆጣ፣ ቶሎ ለገበያ መድረስ ያለበት ቅጂ ነበር።

ለአለልኝ ይህን ሁሉ ነገርኩት። በሕይወቴ ባንድ ጊዜ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። እሱም ካዳመጠኝ በኋላ፣ «ነገ ይህን ለቄሰ ገበዙ ንገራቸው» አለኝ። «እንዲህ ቀልተህ ግን አትንገራቸው፤ የጠጣህ ይመስላቸዋል።»

በማግስቱ ቅዳሴው አልቆ፣ ሕዝቡ በቅጥሩ ሣር ላይ ተበትኖ ሳለ ቄሰ ገበዝ አድማሱን ከአንድ የጽድ ዛፍ ሥር አገኘናቸው። ከቅጥሩ ውጭ ፈረሰኞቹ ለጉግስ እየተዘጋጁ ነበር። ቃል በቃል ነገርኳቸው፤ ማኅተሜን ከኪሴ አውጥቼ መዳፌ ላይ አትሜ አሳየኋቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። እማማ ጥሩወርቅ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊት ለፊታችን ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ገብቶኛል» አሉ ቄሰ ገበዙ። «አምኜሃለሁም። ከሥሩ ጌታ በቀኙ ነበር የባረከው፤ ሲቀዳ ነው የዞረው። ግን ለሚመጣው ምእመን ሁሉ ይህን እንድታስረዳ አንተን በሩ ላይ ላቁምህ?»

በዙሪያችን የነበሩት ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረውም፤ እኔም ሳቅኩ። ልክ ነበሩ። ስህተት ለምን እንደተፈጠረ ማወቅ ስህተቱን አያቀናውም።

እማማ ጥሩወርቅ አልሳቁም። «በቃ፣ ልጄ» አሉኝ። «ደክመሃል፤ እግዜር ይስጥህ። ወረቀቱን ወደ ቀርቀሃው መልስልኝ።»

ሣሩ ላይ ተንበርክኬ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ፤ የጀርባውን ጣውላ አነሳሁ። ወረቀቱን አወጣሁት። ከመጠቅለሌ በፊት፣ እንደ ልማዴ፣ እርጥበት ነክቶት እንደሆነ ለማየት በሁለት እጄ ይዤ ከጀርባዬ ያለው ፀሐይ እንዲያርፍበት ከፍ አደረግሁት። የምመለከተው የሥዕሉን ፊት ነበር። ቦታ ቦታው ላይ ጢሱ እንደ ደመና ይታያል። እርጥበት የለም። ልመልሰው እጄን ዝቅ ሳደርግ ከወረቀቱ ማዶ አንድ ድምፅ መጣ።

«ቆይ!»

እማማ ጥሩወርቅ ነበሩ። ለመነሳት እየሞከሩ፣ አንድ እጃቸው መሬት ላይ፣ ሌላው ወደ እኔ ተዘርግቶ።

«አታውርደው! አታውርደው፣ የኔ ልጅ!» ከዚያ በአውኝኛ ቀጠሉ፤ ምን እንዳሉ አላውቅም። አለልኝ ሮጦ ወደሳቸው ሄደ፣ ከጎናቸው ሆኖ ቀና አለና አፉን ከፍቶ ቀረ።

«በቀኙ ነው» አለ። «አንለይ! ከዚህ በኩል በቀኙ ነው!»

እኔ ከፊት ነበርኩ፤ እሳቸው ከጀርባ። ፀሐይ በወረቀቱ አልፎ መስመሮቹን ሁሉ ወደሳቸው አሻግሯል። ቄሰ ገበዝ አድማሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዞረው ወደ እነሱ በኩል ሄዱ። እጄ እስኪዝል ቆመው አዩ። ከዚያ መቋሚያቸውን ለአለልኝ ሰጡና፣ በሥዕሉ ውስጥ እንዳለው እጅ ቀኛቸውን አንስተው፣ አማተቡ።

«ሥዕሉ አልነበረም ግራ» አሉ። «የቆምንበት ነበር።»

እማማ ጥሩወርቅ እልል አሉ። ለምን እንደሆነ የማያውቁ ሴቶች ከወዲያ ተቀበሏቸው።

ከዚያ የቀረው የእጅ ሥራ ነበር። የጀርባውን ጣውላ ጣልኩትና በቦታው ያ ትርፍ መስታወት ገባ። ወረቀቱ በሁለት መስታወት መካከል ሆነ። በሴቶች መግቢያ በኩል፣ ወደ ደቡብ የሚያይ አንድ ጠባብ መስኮት አለ፤ በኅዳር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለሚያዘነብል በዚያ በኩል ቀኑን ሙሉ ብርሃን አይጠፋም። ክፈፉን ፊቱን ወደ ውጭ፣ ጀርባውን ወደ ውስጥ አድርጌ መስኮቱ ላይ ገጠምኩት። የክረምቱ ዝናብ እንዳያገኘው መዝጊያው ከውጭ አለ፤ ለቅዳሴ ብቻ ይከፈታል።

ከውስጥ ሆነን አየነው። ልጁ ቀኝ እጁን ዘርግቷል። ውኃ የምትሰጠው ልጅ በቀኟ ትሰጣለች። ጌታ በቀኙ ይባርካል። እኔ ግን ግርጌው ላይ ዓይኔ ቀረ።

«አባቴ፣ ጽሑፉ ተገለበጠ» አልኩ።

«ምን ይላል?»

«የሻጩ ስም ነው።»

ቄሰ ገበዙ ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ። «እሱማ ይገልበጥ። ዋጋውን ተቀብሏል።»

አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አለልኝ አግብቶ ወልዷል፤ እናቱ አሁንም ግንባሩን ይዳስሳሉ፤ ይህ ግን የእናት ልማድ ነው እንጂ ፍርሃት አይደለም። እኔ ብዙ ጊዜ የማስበው ስለዚያ ስሙን ስለማላውቀው ቀጂ ነው። ለገበያ የተሠራ ነገር ጸሎት አይሆንም ብዬ አምን ነበር። አሁን እንዲያ አልልም። ያ ሰው ለገበያ ቸኩሎ የጌታን እጅ አዛብቷል፤ ነገር ግን መበለቲቱ እንባ ላይ ሲደርስ አልቸኮለም። እዚያ ላይ ብረቱን አቁሟል። ሥዕል ከቤተ ክርስቲያን በተባረረበት አገር፣ የሱቅ ዕቃ ሆኖ ወጥቶ፣ በቆዳ ምራቂነት መተማ ደርሶ፣ በቀርቀሃ ውስጥ ጢስ ጠጥቶ፣ መጨረሻ ላይ ቤተ ክርስቲያን የገባው ያ እንባ ስለሠራለት ይመስለኛል።

ሌላም ነገር ተለውጦብኛል። በመነጽር ማየት ማየት ይመስለኝ ነበር። ያን ሁሉ ቀን ከፊት ሆኜ ለክቼ ያላየሁትን፣ ከማዶ ሣር ላይ የተቀመጡ ሴትዮ በአንድ ቅጽበት አዩት። አሁን አንድ ሰው ሥዕል ሲያመጣልኝ የምጠይቀው ስለ ልኩ አይደለም፤ ሥዕሉን የሚያየው ማን እንደሆነና የት እንደሚቆም ነው። ሰዎች ዝም ይል የነበረው አንለይ ጥያቄ አበዛ ይላሉ።

ያን ቀን ሥራውን ጨርሼ ልወርድ ስል ማኅተሜ ትዝ አለችኝ። ከኪሴ አወጣኋት፤ ቀለሙንም ከፈትኩ። ክፈፉን በዚህ በኩል አየሁት፤ ጌታ ይባርካል። ወደ ውጭ ወጥቼ በዚያም በኩል አየሁት፤ ሰማዩ መስታወቱ ላይ ተኝቷል፤ በሥሩ ያ እንባ አለ። የማትምበት ጀርባ ፈለግሁ። ጀርባ አልነበረውም።

ማኅተሟን ወደ ኪሴ መለስኳት። ፈረስ ያመጣልኝን አለልኝን ዛሬም በእግሬ ነኝ አልኩት፤ እየሳቀብኝ አብሮኝ ወረደ።